ጉዳዩ፦ የጥጃ መነሻ መኖን እና ማክሰኞ ያልመጣውን ባለሙያ ይመለከታል

ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለመኖ ማቀነባበሪያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከእናንተ ስለገዛሁትና ጥጆቼ አንበላም ስላሉት ስድስት ጆንያ መነሻ መኖ (ጥጃ ከወተት ሳይወጣ የሚለምደው የእህል መኖ) ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ በስልክ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ አመልክቻለሁና ከሥሩ አልደግመውም። ማመልከቻዎቹ እናንተው ዘንድ አሉ፤ ካልጠፉ።

አሁን ብዕር ያስነሣኝ የማክሰኞው ነገር ነው። የሽያጭ ሠራተኛችሁ «ማክሰኞ ልክ በ3 ሰዓት ባለሙያ እንልካለን፤ ሲበሉ እንዲያይ ጥጆቹን ሳይመግቡ ያቆዩልን» አለኝ። አቆየሁ። ለእንግዳው ቡና ሁሉ አፍልቻለሁ። 3 ሰዓት አለፈ፣ 5 ሰዓትም አለፈ። አራት ጥጃ በአንድነት እምቧ ሲል ጎረቤት «ምን ሆነው ነው?» እያለ መጣ። 6 ሰዓት ላይ ብደውል አይነሣም። 8 ሰዓት ላይ ተነሣ።

«መኪና የለም» አለኝ። ጥጆቹ መኖውን አንበላም ብለው ጭድ ላይ መዋላቸውን ነገርሁት። «ጭዱን ይበላሉ?» አለ። «ቀኑን ሙሉ» አልሁት። «እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከበሉ ምን ጎደላቸው? አንቺ አሞላቀሻቸው ነው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አንቺ! 31 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሴት ነኝ። መኖውን ሲሸጥልኝ እኮ «እርስዎ» ነበርሁ።

ባይዘጋው ኖሮ የምነግረው ይህን ነበር። የበፊቱ መኖ እንክብል በነበረ ጊዜ ቦራ የተባለችው ጥጃ ድርሻዋን ቶሎ ጨርሳ፣ ጋደም ብላ ታመሰኳ ነበር። የአሁኑ ዱቄት ነው። አፍንጫዋን ስታስገባ ያስነጥሳታል፤ ገንዳውን ገፍታ ወደ ጤፍ ጭዱ ትሄዳለች። ጭድ ብዙ ማኘክ ይፈልጋል፤ ሆድ ውስጥም ቆይቶ ቦታ ይይዛል። ለማኘክና ለመፍጨት ጉልበት ያስወጣታል፣ የሚመልስላት ግን ጥቂት ነው። ከእሱ የተረፈውን ደግሞ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ይወስደዋል፤ ሰውነቷን ማሞቅ አለባትና። ለማደግ ምን ቀራት? ሆዷ ተነፍቶ ጀርባዋ አጥንት ብቻ ሆኗል።

ጥጃ ሲወለድ የመጀመሪያው የጨጓራ ክፍል ትንሽ ነው፤ ወተቱ እሱን አልፎ ወደ አራተኛው ይገባል። የመጀመሪያውን የሚያጎለምሰው በተለይ እህል ሲብላላ የሚወጣው አሲድ ነው። ጭድ ይለጥጠዋል እንጂ የውስጥ ግድግዳውን እንደዚያ አያሳድገውም። ስለዚህ ነው ጥጃ በቀን 1 ኪሎ ያህል መነሻ መኖ ለሦስት ተከታታይ ቀን ሳይበላ ጡት አይጣል የሚባለው። ቦራ ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ ከእናንተ መኖ በቀን 300 ግራም አልፋ አታውቅም። በሚዛን ነው የምናገረው፣ የመዘገብሁበት ደብተር አለ። የነቢያት ጾም ገብቶ የወተት ገዢ ባይጠፋ ኖሮ ወተቱንም ለእነሱ ማጠጣት ባልቻልሁ።

ዩሪያ ገብቶበት እንደሆነስ በምን አውቃለሁ? ጨጓራው ላልጠና ጥጃ እንደማይሰጥ እናንተም ታውቃላችሁ። ከስድስቱ ጆንያ በአንዱም ላይ ምን እንደተቀላቀለበት የሚናገር ጽሑፍ የለም። ደግሞም 50 ኪሎ የተባለው ጆንያ ስመዝነው 46 ኪሎ ሆነ፤ ዝም አልሁ። ደረሰኝ «ነገ» ተባልሁ፤ ዝም አልሁ። ለዘመን መለወጫ ቃል የተገባልኝ ካላንደር እንኳ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እሱስ ይቅር።

በመጀመሪያው ደብዳቤ መኖው ይቀየርልኝ ብቻ ነበር ያልሁት። በሁለተኛው የባጃጅ ኪራዩን ጨመርሁ። አሁን የምጠይቀው የስድስቱን ጆንያ ሙሉ ዋጋ ከነማጓጓዣው፣ የመኖውን የላቦራቶሪ ውጤት በጽሑፍ፣ እንዲሁም ያ ልጅ ራሱ ደውሎ፣ «እርስዎ» ብሎ፣ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ነው። እስከ ታኅሣሥ 20 መልስ ካላገኘሁ ደብተሬንና ናሙናውን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ።

የተረፈው አራት ጆንያ በረንዳዬ ላይ ተደርድሯል። ስትመጡ ጫኚ ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው የማውረጃውን እኔ ከፍያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ የነበርሁ