ለሊጉ አስተናጋጅ ከተሞች፦ ለክልል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አንድ የኢንተርኔት መስመር ይዘጋጅልን

ይድረስ ሊጉን በየተራ ለምታስተናግዱ ከተሞች የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የስታዲየም አስተዳደሮች፤

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት የሳተላይት ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ያነሣው ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይደረግ ነው። ዲሽ ያለው አየ። ሹፌሩ፣ ባለ ሱቁ፣ ማሳ ላይ የዋለው ገበሬ ግን ክለቡን የሚከታተለው በከተማው ኤፍ ኤም ብቻ ነው።

ራዲዮ ኳስን ማሳየት እንደሚችል አዲስ ማስረጃ አያስፈልግም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ) ፍጻሜ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስታሸንፍ የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ጨዋታውን በየቤቱ አስገብቶታል። ዛሬ በብዙ የክልል ጣቢያዎች የስፖርት ሰዓቱን የአውሮፓ ሊግ ወሬ የሞላው አዘጋጁ የአገሩን ክለብ ስለናቀ አይደለም። የአውሮፓው ዜና ስቱዲዮ ተቀምጦ ይሠራል፤ የራስን ክለብ ጨዋታ ግን ከሌላ ክልል ስታዲየም ማስተላለፍ ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚያ ነው።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ኮሜንታተሩ በሞባይል ይደውላል። ተመልካቹ ሲሞላ ሁሉም ስልኩን ስለሚያወጣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ መስመሩ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ጎል ሲገባ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚደውለው ያኔ ነውና። ባይቆረጥ እንኳ መደበኛ የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። «ሰ» እና «ፈ»ን የሚለየው ድምፅ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ አድማጭ የተጫዋቹን ስም በግምት ይሰማል። የደጋፊው ጭብጨባም እንደ ዝናብ ይንሿሿል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጥሩ የንግግር ድምፅ ለመላክ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል። 1 ሜጋቢት በሰከንድ የመላኪያ ፍጥነት ያለው አንድ የኢንተርኔት ኬብል መስመር ለአራት ጣቢያዎች ይተርፋል። ዋይፋይ ግን አይሁን፤ እንግዳው ሁሉ ሲጋራው ተመልሶ ያው መጨናነቅ ነው። ሄድሴቱን፣ ትንሿን የድምፅ ማቀላቀያ (ሚክሰር) እና ላፕቶፑን እኛ ይዘን እንመጣለን። ሁሉም ተደምሮ ከ100 ዋት ብዙም ስለማያልፍ ከእናንተ የምንፈልገው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነው።

ኮሜንታተሩ ስለሚቀመጥበት የራዲዮ ክፍልም አንድ ነገር አለ። ከስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ሥር አታድርጉት፤ ማስታወቂያው በተነገረ ቁጥር የኮሜንታተሩን ድምፅ ይውጠዋል። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ምንም አይሰማም፤ ከሥሩ ኮርኒስ ይመታበት። መስኮቱ የሚከፈት ይሁን፤ የደጋፊውን ድምፅ የምንወስደው በእሱ በኩል በምናወጣው ሁለተኛ ማይክ ነው።

ከሁሉ የሚቀለውና ብር የማይጠይቀው የአሰላለፍ ዝርዝሩ ነው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ቅጂው ለራዲዮ ክፍሉ ይድረስ። ከሩቅ 1 ቁጥርና 7 ቁጥር ይመሳሰላሉ። የቲቪ ኮሜንታተር ቢሳሳት ምስሉ ያርመዋል፤ በራዲዮ ግን የተሳሳተው ስም እንደተሳሳተ ይቀራል።

መስመሩ ከተገኘ ቅጂ ማስቀመጥም እንጀምራለን። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የሁለት ሰዓት ሥርጭት 115 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለምሳሌ 16 ክለቦች ቢፎካከሩ አንድ ክለብ የሚያደርጋቸው 30 ጨዋታዎች 3.5 ጊጋባይት አይሞሉም፤ የአንድ ክለብ የዓመት ታሪክ በአንድ ፍላሽ ይያዛል ማለት ነው።

የሚቀጥለው ዙር ወደ ከተማችሁ ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሙከራ አንድ ቀን ስጡን። ኬብሉን፣ መብራቱንና ከስቱዲዮ የሚመለሰውን ድምፅ ባዶ ስታዲየም ውስጥ እንፈትሻለን፤ ጉድለት ከተገኘ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር
የክልል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች የስፖርት አዘጋጆችና ቴክኒሻኖች