ማዕድ ስናጋራ በነፍስ ወከፍ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም ነበር። ሐዋሳ ያኔም ደግነት አላጣችም። ደግነቱ ግን ስሌት ይፈልጋል። ሌላ ወረርሽኝ ሳይደርስብን ክፍለ ከተሞችና ዕድሮች እንዲነጋገሩበት ይህን ጽፈናል።

በችግር ጊዜ የተለመደው ለየቤቱ እኩል ጥቅል ማደል ነው፤ 10 ኪሎ ዱቄትና 1 ሊትር ዘይት እንበል። አንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ለዚህም በአገራችን የሚታወቀው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለአንድ ቀን ሲሰላ እህሉ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ያ 10 ኪሎ ዱቄት ብቻቸውን የሚኖሩ እናትን 20 ቀን ሲያቆይ፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ግን በአራት ቀን ይጨርሰዋል። መዝገቡ ላይ ሁለቱም እኩል «ተረድተዋል»። ለ15 ቀን ከቤት አትውጡ የተባሉ አምስት ሰዎች 37.5 ኪሎ እህል፣ 3.75 ኪሎ ጥራጥሬና 1.2 ሊትር ገደማ ዘይት ያስፈልጋቸዋል። ይህን ያህል ከሌለ የሰባት ቀኑን ሰጥቶ «ይህ የሰባት ቀን ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል። ሰው እጁ ላይ ያለው እስከ መቼ እንደሚያደርሰው ካወቀ አብቃቅቶ ይበላል።

ከጥቅሉም የባሰው የስም ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ከቀበሌ መታወቂያ ከተነሣ ተከራዩ ውጭ ይቀራል። ከተማችን ውስጥ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጣት ሴት ሠራተኞች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ የብዙዎቹ መታወቂያ የትውልድ ቀበሌያቸው ነው። ሥራ ሲቆም ደመወዝ ይቀንሳል፣ የቤት ኪራይ ግን አይቀንስም። የቀን ሠራተኛውና በሰው ባጃጅ የሚሠራው ወጣትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም። ቆጠራው ግቢ ለግቢ ይሁን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀድሞውንም ይዞራሉና። መለያው ምድጃ ይሁን፦ አብረው አብስለው የሚበሉ አንድ ቤት ናቸው፣ በአንድ ግቢ አራት ምድጃ ካለ አራት ቤት አለ ማለት ነው። አከራዩን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ የኪራይ ግብር ፈርቶ የተከራዮቹን ቁጥር ሊያሳንስ ይችላል። ተከራዩን በሩ ላይ ጠይቁት፣ ዝርዝሩም ለግብር ጉዳይ እንደማይውል አስቀድሞ ይነገር። ዕድር ዝርዝሩን ማጣራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ተከራይ ብዙውን ጊዜ የዕድር አባል አይደለምና በዕድር መዝገብ ብቻ መሄድ ያንኑ ስሕተት መድገም ነው።

ገበያው ክፍት እስከሆነ ድረስ ገንዘብ ከእህል ይሻላል ብለን እናምናለን። በኮሮናው ጊዜ ታክሲ በግማሽ ሰው ሲጭን ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ገበያ ላይ ምግብ እያለ የሚገዛበት ብር አልነበረም። እህሉ መውጣት ለማይችሉ ይሁን። ለእነሱም ጥሬ በቆሎ መስጠት ወደ ወፍጮ ቤት ሰልፍ መላክ ነው፤ ወይ የተፈጨ ይሁን፣ ወይ የወፍጮው ዋጋ ይታከልበት። ቦሎቄ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ከሰል ይጨርሳል። ምስር ክክ በግማሽ ሰዓት ይበስላል፣ ሽሮ ከዚያም ያንሳል፤ ማገዶ ለቸገረው ቤት የሚሰጠው ይህ ነው። ሳሙናና በረኪና ከዱቄት ጋር በአንድ ከረጢት አይግቡ፤ ሽታው ዱቄቱን ያበላሸዋል። መጋዘን ውስጥ ጆንያው መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይደገፍ፤ እርጥበት የነካው በቆሎ ሻጋታ ያበቅላል፣ የሻጋታው መርዝ ደግሞ በምግብ ማብሰያ እሳት አይጠፋም።

ዕደላው ራሱ በሽታውን እንዳያዛምት መቁጠር ያስፈልጋል። 300 ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ቢሰለፍ ሰልፉ 600 ሜትር ይሆናል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ ጠረጴዛ 15 ሰዓት ነው፤ በአራት ጠረጴዛ ግን አራት ሰዓት አይሞላም። ለየመንደሩ ሰዓት ተለይቶ ይሰጥ። ነፍሰ ጡሮች፣ አቅመ ደካሞችና ሕመምተኞች ሰልፍ ላይ አይቁሙ፣ ድርሻቸው ቤታቸው ይድረስ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትምህርት ቤት ምገባውም አብሮ ይዘጋል፤ የተማሪው ድርሻ ለቤተሰቡ መተላለፍ አለበት። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት የክንድ ዙሪያ መለኪያ ባለ ቀለም ጥብጣብ ለእናቶች ይታደል፣ አለካኩንም ይማሩ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ደግሞ አልሚ ምግብ ያስፈልገዋል። ሁለቱ እግሮቹ ያበጡ ሕፃን ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም ሳይዘገይ ይወሰድ።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የምድጃ ቆጠራው በሽታ በሌለበት በዚህ ጊዜ ይጀመር፣ ተከራይ ቤት ይቀያይራልና በየስድስት ወሩ ይታደስ፣ አንድ ቅጂም በወረቀት በየቀበሌው ይቀመጥ።

በምግብ ሥርጭትና በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያለን ነዋሪዎች
ሐዋሳ