ያ መርፌ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም

ውድ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት በስልክ «በየቀኑ ክኒን ከምውጥ ሆስፒታል የወጉኝን ያንን የሚያሸና መርፌ ገዝተህ ላክልኝ፤ ሲብስብኝ ጎረቤታችን ትወጋኛለች» ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልሽ ጻፍኩት።

እማዬ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ ሆስፒታል የገባሽበት ያን ሌሊት ብርድ አልመታሽም። የደም ግፊትሽ 220/120 ደርሶ ነበር። ደም ሥሮች እንዲያ ሲጠብቡ ልብ ደሙን ወደ ፊት መግፋት ያቅተዋል። በጅማ ክረምት የግቢው ቦይ ሲደፈን ጎርፉ ወደ ደጃፍ እንደሚመለሰው ሁሉ፣ ደሙም ወደ ሳንባ ያጨናንቅና ፈሳሹ አየር ወደሚገባባቸው ከረጢቶች ይሰርጋል። ጋደም ስትዪ የታፈንሽው፣ «መስኮት ክፈቱልኝ» ያልሽውም ለዚህ ነው።

ደግሞም ያዳነሽ መርፌው ብቻ አይደለም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቀና አድርገው አስቀመጡሽ፤ ኦክስጅን ሰጡሽ። ከዚያ በደም ሥርሽ ጠብ ጠብ ሲል ያየሽው ናይትሮግሊሰሪን ነው። ድማሚት የሚሠራበት ያው ንጥረ ነገር ነው፤ ለልብ ሕመም መድኃኒትነት ማገልገል ከጀመረ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ልብ የሚገፋበትን ጫና ያቀልላል። ነርሷ በየጥቂት ደቂቃው ግፊትሽን የለካችው ጠብታውን በልኩ ለማድረግ ነበር።

አንቺ የምትወጂው መርፌ ፉሮሰማይድ ይባላል፤ የሚያሸና መድኃኒት ነው። ብዙ ስለሸናሽ እርሱ ብቻ የፈወሰሽ መስሎሻል። ነገር ግን ግፊት በድንገት ሲያሻቅብ ሰውነት ውስጥ የግድ የተረፈ ውኃ አለ ማለት አይደለም፤ ያለው ውኃ ያለ ቦታው ሳንባ ገብቶ ነው። ስለዚህ ደም ሥሩ ሳይከፈት መርፌው ብቻውን ብዙ ባልረዳሽ ነበር። ቤት ውስጥ ያለ ምርመራ ብትወጊውስ? ትንፋሽ የሚያሳጥረው የሳንባ ምች ወይም አስም ሊሆን ይችላል። ያኔ ግፊትሽ ከልክ በታች ሊወርድ፣ ኩላሊትሽ ሊጎዳ፣ በደምሽ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ቀንሶ የልብ ምትሽ ሊዛባ ይችላል። ጎረቤታችን ምንም ደግ ሰው ብትሆን ይህን በዓይኗ አይታ ልትለይ አትችልም።

ምላስ ሥር ስለሚደረገው ኒፌዲፒን ስለሚባል የግፊት እንክብልም ሰምተሻል አሉ። እባክሽ አትሞክሪው! ግፊቱን ዝቅ የሚያደርገው በድንገትና ያለ ልክ ስለሆነ በአንጎልና በልብ ላይ አደጋ እያደረሰ መሆኑ ታውቆ ሐኪሞች ከተዉት ቆይተዋል።

እኔ የምለምንሽ የግፊት ክኒኖችሽን፣ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪሉን፣ ሳታቋርጪ እንድትውጪ ነው። ሲሻልሽ መተውሽ ነው ያን ሌሊት ያመጣብን። ኢናላፕሪሉ ደረቅ ሳል አምጥቶ ካስቸገረሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ በሌላ ይለውጥልሻል፤ በራስሽ አትተዪው። ቡናሽን ያለ ጨው ጠጪ። ከልጅነትሽ የለመድሽው የጅማ ቡና መሆኑን አውቃለሁ፣ ቅር እንደሚልሽም ይገባኛል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ጨው በሙሉ ከ5 ግራም በታች ነው፣ ወጡም ዳቦውም ተጨምሮ። ለጉልበትሽ ሕመም የምትገዢው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክም፣ ውኃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ የግፊቱን መድኃኒትም ያዳክማል። ለጉልበቱ ሌላ ነገር እንዲያዝልሽ በቀጠሮሽ ቀን ጠይቂ።

ሌሊት ትራስ መደራረብ ካማረሽ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ ከእንቅልፍሽ ከነቃሽ ወይም እግርሽ ካበጠ እስኪነጋ አትጠብቂ። እኔን ላለማስጨነቅ ብለሽም አትደብቂ። እግርሽን ወደ ታች አውርደሽ ቁጭ በዪ፣ ባጃጅ ይጠራ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። በመንገድም ሊያስተኙሽ ቢፈልጉ እምቢ በዪ።

ለሁለት ወር የሚበቃ የክኒን ገንዘብ በእህቴ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁ። የግፊት መለኪያውንም ከሰው ጋር ልኬዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አርፈሽ፣ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ ተለኪ። ቁጥሩን እህቴ ትጻፈው፤ እሑድ ስደውል ትነግሪኛለሽ።

የሚወድሽ ልጅሽ