ባንኩ ምንም አልሆነም ነበር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የጠፋነው ሁለታችንም ስለሆንን ወቀሳውን እንተወውና ወደ ወጋችን እንግባ።

በኮሮና ሰሞን፣ እናንተ አሜሪካ የሽንት ቤት ወረቀት ስትሻሙ፣ "ሰው ሲሰበሰብ ይጃጃላል" ብለኸኝ ነበር። ያኔም አልተዋጠልኝም፤ አሁንም አልተዋጠልኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ነገሩ የሆነው ጃፓን፣ አይቺ ግዛት፣ በታኅሣሥ 1973 ነው። በእኛ 1966 መሆኑ ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ያናወጠበት፣ እኛም ጋ ታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱበት ዓመት። ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባቡር ላይ ያወራሉ። አንዷ ቶዮካዋ ሺንኪን የሚባል የአካባቢ ባንክ ልትቀጠር ነው። ጓደኞቿ "ባንክማ አደገኛ ነው" ብለው ቀለዱባት። ዘራፊ ይመጣብሻል ማለታቸው ነው። እሷ ግን ማታ ዘመዷን "እውነት ባንኩ አደገኛ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ዘመድ የገባት ሌላ ነው፣ ባንኩ ሊከስር ነው የሚል፤ ለማጣራት ስልክ ደወለች። ወሬው ፀጉር ቤት ገባ፣ ከዚያ ላውንደሪ።

ላውንደሪው ውስጥ የሆነውን ስማኝ። አንድ ሰውዬ ስልክ ተውሶ "ከቶዮካዋ ሺንኪን 1.2 ሚሊዮን የን አውጡ" ብሎ አዘዘ። ወሬውን ጨርሶ አልሰማም፤ ገንዘቡን ለሥራው ፈልጎት ነው። የላውንደሪዋን ሴትዮ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሷታል። አሁን ደግሞ ሰው ገንዘቡን ሲያሸሽ በጆሮዋ ሰማች። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እሷና ባሏ የራሳቸውን 1.8 ሚሊዮን አወጡና ለወዳጅ ለዘመድ ተናገሩ። በማግስቱ ቅርንጫፎቹ በሰው ተጥለቀለቁ።

ባንኩ "ደህና ነን" ሲል ባሰበት። ሠራተኛ ገንዘብ ይዞ ጠፍቷል፣ ኃላፊው ራሱን አጥፍቷል ተባለ። የታክሲ ሹፌር የጫናቸው ሰዎች ቀን ላይ "አደገኛ ነው አሉ" ይሉ ነበር። ሲመሽ "ነገ አይከፍትም" ሆነ። ፖሊስ ወሬውን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተከተለ ባቡሩ ድረስ ሄደ። ተንኮል ያሰበ አንድም ሰው አላገኘም።

ታዲያ ጅሉ የቱ ነው? በዚያ አካባቢ በፈረንጆቹ 1927 ባንክ ከስሮ ያዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። እዚህም ማደያ በር ላይ ሰልፍ ያየ ሹፌር፣ ግማሽ ነዳጅ እያለውም ይሰለፋል። ነገ ባይኖርስ? እሱ ሲቆም ደግሞ ሰልፉ ረዘመ፤ ከኋላው ለሚመጣው ማስረጃ ሆነ። እያንዳንዱ ልክ ነው፤ ድምሩ ግን እብደት።

ባንኩ በመጨረሻ ብሩን ሰው እንዲያየው ቆልሎ አስቀመጠ፤ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክም ወጥቶ መሰከረለት። እኔን ብትጠይቀኝ የሠራው ክምሩ ነው። ሰልፍን በዓይኑ አይቶ የፈራ ሰው በመግለጫ አይመለስም።

ካልተስማማህ ጻፍልኝ፤ ክርክርህ ናፍቆኛል። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ያው ወንድምህ