ግራመር ትምህርት ቤት ወይስ የሰፈራችን ትምህርት ቤት?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ባወጣችሁት የአንባቢ አስተያየት፣ በእንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻችንን በመግቢያ ፈተና ተማሪ ለሚመርጡት ግራመር ትምህርት ቤቶች ማዘጋጀት ግዴታችን እንደሆነ፣ ይህን ያላደረገ ወላጅም የልጁን ዕድል በገዛ እጁ እንዳጠበበ ተጽፎ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ለልጆቻችን ማሰባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ወንዱን ልጄን በግራመር፣ ታናሽ እህቱን ደግሞ በሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር እናት እንደመሆኔ፣ ምክሩ እንዳለ ከተወሰደ ብዙ ቤተሰቦችን ለማያስፈልግ ጭንቀት ይዳርጋል ብዬ አምናለሁ።

እኛ ፈተና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ነው። ያላለፈ በሚቀርበት ሥርዓት ስላደግን፣ ገና አሥር ዓመት የሆነው ልጃችን ኢለቨን ፕላስ የሚባለውን የግራመር መግቢያ ፈተና ካላለፈ የወደፊት ሕይወቱ የተዘጋ ይመስለናል። ሁለቱ ግን በጣም ይለያያሉ። ሚኒስትሪ ክፍል ውስጥ የተማርነውን ይጠይቀን ነበር፤ ኢለቨን ፕላስ ግን በብዙ አካባቢ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ በተጨማሪ በቃላትና በሥዕል የሚቀርቡ የማመዛዘን ጥያቄዎች ያሉበት ሲሆን፣ እነዚህን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ ትምህርት ዓይነት አያስተምሯቸውም። ስለዚህ ለአስጠኚ የሚከፍል ቤተሰብ ልጅ የጥያቄውን ጠባይ ለምዶ ይቀርባል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የምትገባ እናት ልጅ ግን ያን ያህል ልምምድ አያገኝም። በግራመር ትምህርት ቤቶች ውስጥ የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅተኛ በመሆኑ የነጻ ምሳ ተጠቃሚ የሆኑ ልጆች ድርሻ ከሌሎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እጅግ ያነሰ መሆኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ፈተና ያልቀናውን ልጅ በዘመድና በጎረቤት ፊት እንደ ሰነፍ መቁጠር ልጁን መበደል ነው። ደግሞም ብዙዎቹ ግራመሮች በ16 ዓመት የሚወሰደውን የጂሲኤስኢ ብሔራዊ ፈተና ውጤት አይተው ለሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ላሉት ሁለት ዓመታት፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎችን ስለሚቀበሉ፣ በአሥር ዓመት ያልተገኘው ዕድል በኋላም ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆችን በ11 ዓመታቸው ለይቶ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ለሚመድበው ሥርዓት መሠረት ጣለ፤ በ1965 ደግሞ መንግሥት ያን መለየት ትተው ሁሉንም ልጆች በአንድነት ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲሸጋገሩ የአካባቢ አስተዳደሮችን ጠየቀ። ዛሬ በመላው እንግሊዝ የቀሩት ግራመሮች 163 ሲሆኑ፣ በ1998 የወጣው ሕግ አዲስ እንዳይከፈት ይከለክላል። በስኮትላንድና በዌልስ እንዲህ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ የለም። በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውስጥ በግራመር የሚማሩት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚሞሉትም በአብዛኛው ከሌላው ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ናቸው።

የግራመሮቹ ውጤት ከፍተኛ ነው የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ሆኖም ውጤቱን ያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተመርጠው የገቡት ልጆች ናቸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2018 የዳራም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የልጆቹ የቀድሞ ውጤትና የቤተሰባቸው ኑሮ ከግምት ሲገባ ግራመሮቹ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንደማያመጡ ደምድመዋል። ይህን የማነሳው ግራመርን ለማጣጣል አይደለም። ልጄ በሚማርበት ደስተኛ ነው፤ ማንበብ የሚወዱ ጓደኞች አግኝቷል፣ መምህራኑም ጠንካሮች ናቸው። የምለው ግን ጎበዝ ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤትም ጎበዝ ሆኖ ሊቀጥል እንደሚችል ነው፤ ሴት ልጄ ይህን በየቀኑ ታሳየኛለች።

የሰፈር ትምህርት ቤት ስንል ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። እንደ ኬንትና በኪንግሃምሻየር ባሉ፣ ግራመሮች በአውራጃው ሁሉ በተስፋፉባቸው ቦታዎች፣ በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ልጆች ተለይተው ስለሚሄዱ የቀረው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የተቀሩትን ነው፤ እዚያ የወላጅ ስጋት መሠረት አለው። በባርኔት ወይም በሰተን ግን ግራመሮቹ ጥቂት ሆነው ተማሪ የሚስቡት ከብዙ የለንደን ክፍሎች ነው፤ ስለዚህ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ቦታ አያስገኝም፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤትም ጎበዝ ተማሪዎቹን ብዙም አያጣም። የኬንት ወላጅ የሚሰጠው ምክር ለባርኔት ወላጅ ላይሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የምንፈልጋቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል የምንጽፍበት የማመልከቻ ቅጽ ነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ብጽፍ ግራመሩ ፍላጎት የለኝም ብሎ ያስባል በሚል ፍርሃት ግራመሮችን ብቻ ደርድረው የሚያስገቡ ወላጆችን አውቃለሁ። ይህ ስህተት ነው። ትምህርት ቤቶቹ በስንተኛ ደረጃ እንዳስቀመጥናቸው አይነገራቸውም፤ ልጁ ከአንድ በላይ ቦታ ብቁ ከሆነ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የሚሰጠው በቅጹ ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ከታች መጻፍ የግራመሩን ዕድል በምንም አይቀንስም። ካልጻፉት ግን፣ ልጁ ግራመር ሳያገኝ ከቀረ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በጻፉት ልጆች ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ካውንስሉም ቦታ በተረፈበት፣ ምናልባትም ሩቅና ማንም ባልመረጠው ትምህርት ቤት ይመድበዋል። ማርች 1 ቀን ምደባው ሲደርስ በእንባ የተቀበሉትን ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ በደንብ የተሞላ ቅጽ ይህን ባስቀረላቸው ነበር።

ርቀትንም አንናቅ። ልጄ ሁለት አውቶቡስ ይቀያይራል፤ ክረምት ጨለማ ሳለ ወጥቶ ሲጨልም ይመለሳል፣ ከትምህርት በኋላ ባለው ክለብም ብዙ ጊዜ መሳተፍ አይችልም። ካውንስል ነጻ ትራንስፖርት የሚሰጠው በአብዛኛው ከሦስት ማይል በላይ ለሚርቀው፣ ለልጁ ተስማሚ ከሆኑት ለቤቱ ቅርብ ወደሆነው ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ በምርጫችን ለራቀው ግራመር የመጓጓዣው ወጪ ከኪሳችን ይወጣል። እህቱ በእግሯ ትሄዳለች፣ የክፍል ጓደኞቿ ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ቤት ገብታም ለማንበብ ጉልበት ይተርፋታል።

ማመልከቻው የሚዘጋው ኦክቶበር 31 ነው። ከዚያ በፊት በመስከረምና በጥቅምት የሚደረጉትን የጉብኝት ምሽቶች ወላጆች ለሰፈሩም ትምህርት ቤት እንዲጠቀሙባቸው እለምናለሁ። እዚያ ሲደርሱ ሒሳብ በደረጃ ተለይቶ ይሰጥ እንደሆነ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ ለጂሲኤስኢ መማር ይቻል እንደሆነ፣ ሲክስዝ ፎርም እንዳለው፣ መምህራኑ ቶሎ ቶሎ ይለቁ እንደሆነና ልጆች በቋንቋቸውና በቆዳ ቀለማቸው ሲሰደቡ ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ። ከመምህራኑ በኋላ፣ አስጎብኚ ሆነው የሚመደቡትን ተማሪዎችም ለብቻቸው ያነጋግሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
እንግሊዝ