ይነቀል ከማለታችሁ በፊት ጠይቁን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። ጉዳዩ የጥርስ ነው፣ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጥርሱን የሚነዝረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፣ ይነቀል። ለምን እንደሚነቀል፣ ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር የሚያስረዳው ሰው ግን አያገኝም፣ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተበልቶ ነበር አስሞላሁት፣ ከተሞላ በኋላ ግን መነዘሩ አልተወኝም። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው አየር ብቻውን ይበቃል፣ የቧንቧ ውሃውማ አይነሳ፣ መጉመጥመጥ ሁሉ ፈርቼ ነበር። ኮምቦልቻ ስወርድ ደሞ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ ቀዝቃዛ ለስላሳ ያስመኛል፣ እሱንም አልቻልኩም፣ ቡና ሲፈላ አቦሉን በሌላኛው ጉንጬ ይዤ ነበር የምጠጣው።

አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ ባለሙያው አፌን አየት አርጎ ይነቀል አለኝ። ሌላው ደሞ ሩት ካናል ተሰርቶ፣ ማለት የጥርሱ ነርቭ ወጥቶ ውስጡ ተሞልቶ፣ ክራውን የሚባል የጥርስ ቆብ ይደረግበት አለ፣ ለምን ስለው ዋጋውን ነገረኝ እንጂ ምክንያቱን አልነገረኝም። ፋርማሲ ሄጄ ስናገር አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ አወጡልኝ። እናቴ ደሞ «ተነቀይና ተገላገይ ልጄ» ትለኛለች፣ በሷ አልፈርድም፣ በሷ ጊዜ ሌላ ምርጫ የሚሰጣት ማን ነበር።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ አንዲት ሀኪም አገኘሁ፣ እሷ ምንም ሳትነካኝ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረችው። ቀዝቃዛው ሲነካሽ ህመሙ ወዲያው ይጠፋል ወይስ ቀዝቃዛው ከሄደም በኋላ ይቆያል? ትኩስ ነገር ይቀሰቅሰዋል? ሌሊት ከእንቅልፍሽ ያነሳሻል? ስትነክሺበትስ? ከዛ በቀዘቀዘ ጥጥ የታመመውን ጥርስና ጎረቤቱን እያፈራረቀች ነካች፣ በመሳሪያ ጫፍ መታ መታ አደረገችው፣ ራጅ አስነሳችኝ፣ ቀለም ያለው ወረቀት አስነክሳኝ ሙሌቱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካ እንደሆነ አየች።

ያስረዳችኝን በኔ ቋንቋ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይሄን ማንም ሰው ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከጥርሳችን ነጭና ጠንካራ ሽፋን ስር ያለው ክፍል በጣም ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ሽፋኑ ሲያልቅ ወይም ድድ ሸሽቶ የጥርሱ ስር ሲጋለጥ ቅዝቃዜው ያን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ ነርቩ ደሞ ያን ይሰማል። እንዲህ ያለው ህመም ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ለሱ ደሞ ጥርስ አይነቀልም። ቀዝቃዛው ከተነሳ በኋላም ግማሽ ደቂቃና ከዛ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን፣ ትኩስ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ምንም ሳይነካው ሌሊት የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ነርቩ ላይመለስ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ነው ወይ ሩት ካናል ወይ መነቀል የሚመጣው። ጥልቅ ጉድጓድ የተሞላ ጥርስ ደሞ ነርቩ እስኪረጋጋ ለሳምንታት መነዘሩ ያለ ነገር ነው፣ ሙሌቱ ትንሽ ከፍ ካለ ደሞ በየንክሻው ስለሚመታ ይባስ ይቆያል።

የኔው ከፍ ብሎ ነበር። ሞርዳ አስተካከለችው፣ የፍሎራይድ ቅብ ቀባችልኝ፣ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል መነዘር የሚቀንስ ነገር ያለበት የጥርስ ሳሙና አዘዘችልኝ፣ ጠዋትና ማታ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ተፍቼው በብዙ ውሃ ሳልጉመጠመጥ። ይሄ ሳሙና በአንድ ቀን አይሰራም፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን አይሰራም ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። አሁን በጣም ቀሎኛል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ውሳኔዬ ቀጠሮዬን እየጠበቅኩ ጥርሴን ማቆየት ነው፣ ህመሙ መቆየት ከጀመረ ሩት ካናል አሰራለሁ እንጂ አልነቅለውም፣ ምግብ የማኝክበት ጥርስ ነው፣ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘማሉ፣ ትይዩ ያለውም እየወጣ ይመጣል፣ ለመተካት ደሞ ከመንቀሉ በላይ ወጪ አለው።

የሚነቀል ሁሉ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ከድዱ በታች የተሰበረ ጥርስ አለ፣ ከወረኢሉ ወይ ከኩታበር መጥቶ ለሩት ካናል ደጋግሞ ለመመላለስ የትራንስፖርትና የአልጋ የሌለው ሰው አለ፣ ዋጋውም ይከብዳል። ግን እሱም ቢሆን አማራጩን ሰምቶ፣ ዋጋውን አውቆ፣ ራሱ ይወስን እንጂ ለምን ሌላ ሰው ይወስንለታል?

ፋርማሲዎችም እባካችሁ፣ እብጠት ወይ ትኩሳት ለሌለው የጥርስ መነዘር አንቲባዮቲክ ምንም አይሰራም፣ አትስጡን። በተቃራኒው ፊቱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ አፉን መክፈት ወይ መዋጥ ያቃተው ሰው ካያችሁ ቅርንፉድ ያዝበት ብላችሁ ወደ ቤቱ አትመልሱት፣ ያን ቀኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት። መፋቂያም ክፉ አይደለም፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ በከሰል አድርጎ ድድን አጥብቆ መፈተግ ነው ችግሩ፣ ሎሚ መምጠጥ ደሞ ሽፋኑን ያሟሟዋል።

ከናንተ የምለምነው፣ የሁለቱን ከተሞች የጥርስ ሀኪሞች አነጋግራችሁ በየትኛው ቦታ ሩት ካናል እንደሚሰራ፣ የት መነቀል ብቻ እንዳለ፣ ዋጋውም ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በጋዜጣችሁ አውጡልን። የጥርስ ሳሙናውንም የት የት እንደሚገኝ ጨምሩበት፣ እኔ ብዙ ፋርማሲ ዞሬ ነው ያገኘሁት።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሆጤ