አዲሱን ካርቡራተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብናል። ደንበኛው ለ1967 ካማሮው ወይም ለ1965 ሙስታንጉ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል ዕቃ) ከኢንተርኔት ገዝቶ፣ ከነካርቶኑ ይዞት ይመጣል። «ዛሬውኑ ግጠሙልኝ» ይላል። እኛ ደግሞ «መጀመሪያ ሞተሩን እንየው» እንላለን። ለማየቱም እንደምናስከፍል ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። አይፈረድበትም። የመጣው ጉልበት ሊጨምር እንጂ ጣጣ ሊፈልግ አይደለም።

በየቀኑ በር ላይ ከመከራከር በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ነው ይህን የላክንላችሁ። ከአሁን በኋላ በማንኛውም የድሮ ሞተር ላይ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ከመግጠማችን በፊት ሞተሩን እንመረምራለን። ሥራውን እኛው ጋ ካሠራችሁ የምርመራው ሂሳብ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ይቀነስላችኋል።

መጀመሪያ የምናየው ኮምፕሬሽን ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ 8ቱንም ካንዴላ እንነቅላለን። የካርቡራተሩን አፍ ሙሉ በሙሉ ከፍተን፣ ሞተሩን በማስነሻው ብቻ እያዞርን የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት እንለካለን። ደህና የሆነ የድሮ ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር) ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 170 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 7ቱ 150 አካባቢ ሆነው አንዱ 95 ላይ ከቀረ፣ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገን እንደገና እንለካለን። ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ የምንጠረጥረው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ምርጡን ካርቡራተር ብትሰቅሉበት ልዩነቱን የምታዩት ነዳጅ ማደያ ስትሄዱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ክራንክሻፍቱን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚያገናኘውን የታይሚንግ ሰንሰለት እናያለን። ይህኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጀነራል ሞተርስ ድምፅ ለመቀነስ ብሎ በ1960ዎቹና 70ዎቹ በብዙ ቪ8 ሞተሮቹ ውስጥ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ጥርስ በናይለን ይሸፍነው ነበር። ናይለን ለዓመታት በሙቅ ዘይት ሲጠበስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ፍርፋሪው ከሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ ይወርድና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያጣ ብሮንዚና ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሞተሩን ሳንፈታ የምናውቅበት ዘዴ አለ። ለየካንዴላው እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን እናነሳና ክራንክሻፍቱን በእጅ ወዲያ ወዲህ እናዞረዋለን። ክራንኩ እየዞረ ከክዳኑ ሥር ያለው ሮተር ቆሞ የሚጠብቀው ከሆነ ሰንሰለቱ ላልቷል። መኪናው 30 ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደው ብትሉንም አንቀበልም። ናይለን ማይል አይቆጥርም፣ ዕድሜ ነው የሚቆጥረው።

ዘይት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሞተር በከንቱ ይበላሻል። የእነዚህ መኪኖች ካምሻፍት ቫልቩን ለመክፈት የሚገፋው ሊፍተር የሚባል ዕቃ ከታች ጠፍጣፋ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ከሥሩ ሮለር (የሚንከባለል ክብ ብረት) ያለው ሊፍተር በሙስታንግ 5.0 ላይ የመጣው በ1985፣ ስሞል ብሎክ በሚባለው የሼቭሮሌ ቪ8 ላይ ደግሞ በ1987 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለቱን ብረቶች እንዳይፋጩ የሚጠብቅ ዜድዲዲፒ የሚባል ቅመም ዘይቱ ውስጥ ይፈልጋሉ። ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ነው። ፎስፈረሱ የዘመናዊ መኪናን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ስለሚጎዳ መጠኑ በየጊዜው ተቀነሰ። በ2004 ከወጣው ኤፒአይ ኤስኤም ከተባለው የዘይት ደረጃ ጀምሮ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ላይ ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 800 እጅ) እንዳይበልጥ ተደረገ። ለካምሪያችሁ ግሩም ዘይት ነው። ለድሮው የሼቭሮሌ 327 ሞተር ግን አይበቃም። ስለዚህ ለድሮ ሞተር ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፎስፈረሱ 1000 ፒፒኤምና ከዚያ በላይ የሆነ ዘይት እንጠቀማለን። የዘይት መቀየሪያ ዋጋችን የጨመረው ለዚህ ነው። ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ።

አዲስ ጠፍጣፋ ካምሻፍት ያስገጠማችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተነሳ በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ እየዞረ ለ20 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ሚኒሞ ላይ መተው አይቻልም። ካሙን የሚያርሰው ዘይት በአብዛኛው ክራንኩ እየዞረ የሚረጨው ነው። ክራንኩ ዝግ ካለ ካሙ ይደርቃል። ይህን ሥራ እኛው እንሥራው የምንለው ገንዘብ ስለምንወድ አይደለም። እሺ፣ እንወዳለን፤ ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። በጀት ካላችሁ ወደ ሮለር ካም ብትሻገሩ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀራል።

ስለ ቤንዚን የምትጠይቁንም ብዙ ናችሁ። እርሳስ ያለው ቤንዚን ለመንገድ መኪና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ጀምሮ በአሜሪካ ክልክል ነው። እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር። እሁድ እሁድ ቀስ ብሎ ለሚነዳ መኪና በየታንኩ ቅመም መጨመር አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም። ቴስታታው በሌላ ምክንያት ሲወርድ ያኔ ጠንካራ መቀመጫ እናስገባለታለን። ይልቅስ የሚያሳስበን 10 በመቶው ኤታኖል ነው። የድሮውን የጎማ ቱቦ ከውስጥ ያላላዋል፣ የካርቡራተሩን ላስቲኮች ያደርቃል። የቱቦው ዕድሜ ካልታወቀ ሳንጠይቃችሁ በሂሳቡ ውስጥ እናስገባዋለን። ትኩስ ሞተር ላይ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ለድርድር አይቀርብም።

ኦክቴንን (ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የሚከላከልበትን መጠን) በተመለከተ አትደንግጡ። የድሮው መመሪያ መጽሐፍ 97 ወይም 100 ይላል፣ ማደያው ላይ ያለው ደግሞ 91 ነው። መለኪያው ግን የተለያየ ነው። የድሮው ሪሰርች የሚባለው ሲሆን የዛሬው የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው። የዛሬው 91 በድሮው ሲለካ 95 ወይም 96 አካባቢ ይሆናል። የኮምፕሬሽን ሬሾው 11 ለ1 የሆነ የ1969 ሞተር ካላችሁ ግን ይህም ላይበቃው ይችላል። ዳገት ላይ ሲንኳኳ ከሰማችሁ እግራችሁን አንሱና አምጡት።

«የእኔ የ1972 ሞዴል ነው፣ ደካማ ነው» የምትሉም አላችሁ። ግማሹ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ኤልቲ-1 የተባለው የኮርቬት 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በ1970 370 ፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሸጠ። በ1971 ጀነራል ሞተርስ ኮምፕሬሽኑን ሲያወርድ 330 ሆነ። በ1972 ደግሞ 255 ተባለ። በዚያ ዓመት የተቀየረው ሞተሩ ሳይሆን አለካኩ ነው። ድሮ ሞተሩን ብቻውን፣ ያለ ማርሚታና ያለ ተጨማሪ ጭነት ይለኩት ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንደሚሠራው አድርገው መለኩት።

ወደ ካርቡራተሩ እንመለስ። ሰው ሁሉ 750 ሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያሳልፈው አየር በኪዩቢክ ጫማ) ይገዛል፣ ትልቅ ስለሆነ። ሂሳቡ ግን ቀላል ነው። የሞተሩን ኪዩቢክ ኢንች በከፍተኛው ዙር ታባዙና ለ3456 ታካፍላላችሁ። 350ን በ5500 ካባዛችሁ 557 ይመጣል። ተራ የመንገድ ሞተር ከዚህ 85 በመቶ ያህሉን ነው የሚስበው፣ ማለትም 473። ስለዚህ 600 ይተርፈዋል። ከመጠን በላይ የሆነ ካርቡራተር ውስጥ አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ነዳጁ በደንብ አይበተንም። መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ መኪናው የሚያመነታው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው፣ ከጠየቃችሁን፣ ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባት ነው። ጠዋት በቀላሉ ይነሳል፣ በየጊዜው ክፍተቱን ለክቶ ማስተካከል ይቀራል። ኤችኢአይ የተባለውን የሼቭሮሌ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ከመረጣችሁ ግን ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። የድሮው ሽቦ ሆን ተብሎ ቮልቱን እንዲቀንስ የተሠራ ነው። እሱን ሳይቀይሩ መግጠም ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ላይ እንዲቆራረጥ ያደርገዋል። ከሌላ ቦታ ተሠርተው ከሚመጡልን መኪኖች ላይ ደጋግመን የምናየው ይህን ነው።

በካርቡራተሩ ፋንታ ነዳጁን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጨው ኢንጄክሽንም ጥሩ ነው። ከሎስ አንጀለስ ተነስታችሁ ቢግ ቤር ስትወጡ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ካርቡራተር እዚያ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ያበዛል፣ ኢንጄክሽኑ ራሱን ያስተካክላል። ዋጋው ግን የሳጥኑ ብቻ አይደለም። ካርቡራተር ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ነዳጅ ሲበቃው ይህኛው 58 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ መመለሻ መስመሩ ሁሉ አዲስ ይሆናል።

ሕጉንም እወቁ። በካሊፎርኒያ የስሞግ (የጭስ) ምርመራ ያለባቸው ከ1976 ጀምሮ የተሠሩት የቤንዚን መኪኖች ናቸው። በእነዚህ ላይ ጭሱን የሚነካ ዕቃ ስንቀይር ካርብ (የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ) የፈቀደው ቁጥር ያለው መሆን አለበት። ቁጥር የሌለው ዕቃ ይዛችሁ ብትመጡ አንገጥምም።

ፍሬንም አለ። ከ1967 በፊት በነበሩት አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች የፍሬኑ ዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የ65 ሙስታንግ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ፍሬኑ ወደ ሁለት መስመር ሳይቀየር ጉልበት አንጨምርም። በዚህ ደንበኛ ብናጣም ቅር አይለንም።

ሞተሩ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ከሆነ፣ ብሎኩን ከማስቆፈር (ሲሊንደሮቹን ከማስፋት) በፊት አማክሩን። አንዳንዴ አውርዶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሸፍኖ ማስቀመጥና በሌላ 350 መንዳት ይሻላል። ስትሸጡት ዋጋውን ታዩታላችሁ።

ቀጠሮ የያዛችሁ መኪናውን ማታ አምጥታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ማየት እንፈልጋለን። መጀመሪያ ላይ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ትፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው፣ ሥራውም ትንሽ ነው። አሙቃችሁት ከመጣችሁ ግን ይህን ማየት አንችልም። የገዛችሁትንም ዕቃ ከነደረሰኙ ያዙ፤ ካልተስማማው መመለስ እንድትችሉ ካርቶኑን አትጣሉት።

በአክብሮት፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ሎስ አንጀለስ